የራስን ፕሮጀክት በክሬዲት ማስያዝ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የእንግሊዝኛ ተማሪዎች

ከከዚራ እስከ ቀፊራ ያሉ የሱቅ ጽሑፎችን ፎቶ አንስቶ እንግሊዝኛቸውን ማጥናት፣ ጀጎል ውስጥ አስጎብኚዎች አንዱን በር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚተርኩት መቅዳት፣ የአያትን ተረት ከኦሮምኛ ወይም ከሐረሪ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ተማሪ ሞልቷል። ግሬድ ሪፖርቱ ላይ የሚያስገባው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሥራው ተጀምሮ፣ አንዳንዴም አልቆ፣ «ይያዝልኝ» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ይመጣል። ክሬዲት የሚታሰበው በኮርስ ኮድ ነው። ኮድ የሌለው ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ሬጅስትራር ዘንድ የሚገባበት መስመር የለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከካሜራውና ከመቅረጫው በፊት ከወረቀቱ ይጀምራል።

ኮዱን ቀድሞ ማግኘት

ወደ ትምህርት ክፍሉ ቢሮ ሄዳችሁ የገባችሁበትን ዓመት ካሪኩለም ጠይቁ። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያድለው ኮርስ አውትላይን አይበቃም፤ የሁሉም ኮርሶች ኮድ፣ የኢሲቲኤስ (የኮርሱን የሥራ ጫና የሚለካ ነጥብ) ወይም የክሬዲት አወር መጠን እና የኮርስ መግለጫ ያለበት ሙሉ ሰነድ ያስፈልጋል። የራሳችሁ ባች የሚመራበት ይሁን። ካሪኩለም ስለሚከለስ ከእናንተ በፊት የነበሩት የወሰዱት ኮርስ በእናንተ ዝርዝር ላይ ላይኖር ይችላል። ከሰው የሰማችሁትን ኮድ ይዛችሁ ብትመዘገቡ፣ ለምረቃ ሲቆጠር ከፕሮግራሙ ውጭ ሆኖ የሚቀርበት ዕድል አለ።

ሰነዱ ላይ የሚፈለጉት ሦስት መንገዶች ናቸው። አስተማማኙ ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ነው። ኮዱ አለ፣ ክሬዲቱ አለ፣ አማካሪ መመደቡም የተለመደ ነው። ብዙ ተማሪ ርዕስ ከመምህራን ዝርዝር መቀበል ግዴታ ይመስለዋል። በደንብ የተሠራ አንድ ገጽ ይዞ ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት የቀረበ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ርዕስ ይዞ ይወጣል። ከተለጠፈ በኋላ ማስቀየር ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው፣ በምርጫ ኮርሶች ውስጥ «ኢንዲፔንደንት ስተዲ»፣ «ዳይሬክትድ ሪዲንግ» ወይም «ፕሮጀክት» የሚል ስም ያለው ኮርስ ነው። በሁሉም ካሪኩለም ላይ አይገኝም። ከተገኘም በአንዳንድ ሴሚስተር ብቻ ሊከፈት ስለሚችል፣ ዝርዝሩ ላይ መኖሩንና በዚህ ሴሚስተር መከፈቱን ለየብቻ ጠይቁ።

ሦስተኛው ባለው ኮርስ ውስጥ መግባት ነው። ለምሳሌ በትርጉም ወይም በዲስኮርስ አናሊሲስ ኮርስ ላይ ከተከታታይ ምዘናው ከ100ው 30 የሚሆነውን በራሳችሁ ፕሮጀክት መተካት። ይህ ተጨማሪ ክሬዲት አያመጣም፤ የኮርሱን ክሬዲት በከፊል በራሳችሁ ሥራ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። የሚወስነው መምህሩ ቢሆንም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢያውቀው ይሻላል። የአንድ ሴክሽን ተማሪዎች በሁለት ዓይነት ሚዛን ተመዘኑ የሚል ቅሬታ ከመጣ ቀድሞ የሚወድቀው የእናንተ ፕሮጀክት ነው።

በኢንግሊሽ ክለብ ማገልገል፣ ለትምህርት ቤት ልጆች በክረምት ማስጠናት፣ ለአንድ ድርጅት በነፃ መተርጎም የምስጋና ደብዳቤ ያመጣል፣ ክሬዲት አያመጣም። ክረምቱን የሠራችሁት ነገር ካለ እንዳለ «ይቆጠርልኝ» ማለት ትርፉ መመለስ ነው። የሰበሰባችሁትን እንደ መነሻ ይዛችሁ በላዩ አዲስ ጥያቄ ማንሳት ግን ይቻላል፤ የቱ የቀድሞ የቱ አዲስ እንደሆነ በግልጽ ከተጻፈ።

የሴሚስተር ምርጫም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የምረቃ ግዴታ ስለሆነ የመጨረሻው ሴሚስተር ሁለት ጌታ ያለው ነው። ካሪኩለሙ ከፈቀደ የመስክ ሥራውን ከመጨረሻው አንድ ሴሚስተር አስቀድሙ። ካልፈቀደ ቢያንስ መረጃው ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ተሰብስቦ እንዲያልቅ አድርጋችሁ አቅዱ።

ሰዓቱን መቁጠር

በአውሮፓ አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ነው፤ የሙሉ ዓመት ትምህርት ደግሞ 60 ኢሲቲኤስ። በእኛ አገር ሞጁላር ካሪኩለሞች ላይ የተለመደው ስሌት 27 ሰዓት በመሆኑ 5 ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ይወጣዋል። ይህ ቁጥር ሁለት ጥቅም አለው፦ ፕሮጀክቱ አንሷል ለሚል መምህር መልስ ይሆናል፣ በዝቷል ብሎ ለማያምን ተማሪ ደግሞ ልጓም።

135ቱን ሰዓት ለከተማ ጽሑፎች ጥናት ብንደለድለው እንዲህ ይመጣል፦ ፕሮፖዛልና ከአማካሪ ጋር የሚፈረም ውል 12፣ ንባብ 30፣ ፎቶና ምዝገባ 24፣ ምደባና ትንተና 27፣ ጽሑፍ 30፣ ከአማካሪ ጋር መገናኘት 6፣ ዝግጅትና ገለጻ 6። በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሌሎች አራት ኮርሶች ላሉት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

በድምፅ የሚሠራ ፕሮጀክት ድልድሉ ይለያል። አንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያወሩበት ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። በላዩ ትርጉም ከተጨመረ የእያንዳንዱ ሰዓት ቅጂ ዋጋ ከ10 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ «አሥር ሽማግሌዎችን ለአንድ አንድ ሰዓት አነጋግራለሁ» የሚል ፕሮፖዛል ከመግቢያው ወድቋል፤ መገልበጡና መተርጎሙ ብቻ 100 ሰዓት በልቶ ለንባብም ለጽሑፍም አያስተርፍም። ከሦስት ሰው 20፣ 20 ደቂቃ ይበቃል።

አማካሪው ጋ የሚቀርበው አንድ ገጽ

መምህር ቢሮ «አንድ ሐሳብ ነበረኝ» ብሎ መግባት ሐሳቡን ያባክነዋል። አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ። ላዩ ላይ የኮርሱ ኮድና ክሬዲት፣ ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄው፣ ከዚያ መረጃው ከየት ስንት እንደሚሰበሰብ፣ በምን ዘዴ እንደሚተነተን፣ በመጨረሻ ምን እንደሚረከብ። ከታች ያነበባችኋቸው ሦስት ጽሑፎች ይኑሩ፤ ልታነቧቸው ያሰባችሁት አይቆጠርም። የመምህሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ነው።

ከምርጫው በፊት የመምህሩን ሙያ እዩ። እንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ የሥነ ጽሑፍ፣ የሥነ ልሳንና የቋንቋ ማስተማር ሰዎች አብረው ይኖራሉ። የሱቅ ጽሑፍ ጥናት ለልብ ወለድ መምህር ከተሰጠ ሁለቱም ይቸገራሉ። ሌላው የማይጠየቅ ጥያቄ «በሴሚስተሩ ውስጥ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚሄዱበት ነገር አለ ወይ?» የሚለው ነው። አማካሪ መሀል ላይ ሲቀየር አዲሱ መምህር ርዕሱን ካልወደደው ሰሚ የሚኖራችሁ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ያጸደቀው ቃለ ጉባኤ ካለ ብቻ ነው።

ጥያቄው ሲጠብ ምን እንደሚመስል፦ «የእንግሊዝኛ አጠቃቀም በድሬዳዋ» ርዕስ ሊሆን አይችልም። «ከዚራና መጋላ ውስጥ ባሉ 120 የሱቅ ጽሑፎች ላይ እንግሊዝኛ የሱቁን ስም ይናገራል፣ መረጃ ይሰጣል ወይስ ለጌጥ ነው?» ይሆናል። ሁለቱ ሰፈሮች የተመረጡበት ምክንያት አለ። ከዚራ ከባቡሩ ጋር በፕላን የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ በአሠራሩም በንግዱም ይለያል። ንጽጽሩ ከከተማይቱ ታሪክ ራሱ የመጣ ስለሆነ መምህሩ «ለምን እነዚህ?» ሲል መልስ አለ።

ውሉ ላይ ምን ይጻፋል

ይህ ክፍል ላይ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጫችሁም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንዲፔንደንት ስተዲ የሚወስድ ተማሪ ከምዝገባ በፊት የሚያስፈርመው የትምህርት ውል አለው። እኛ ጋ ቅጽ ባይኖርም ሁለት ገጽ ጽፎ ማስፈረም የሚከለክል የለም። አንድ ቅጂ ለእናንተ፣ አንድ ለአማካሪው፣ አንድ ለትምህርት ክፍሉ ፋይል።

መጀመሪያ የሚጻፉት የትምህርት ውጤቶቹ ናቸው። «ስለ ትርጉም እረዳለሁ» አይመዘንም። «ሦስት ተረቶችን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ፣ ቢያንስ 15 የትርጉም ውሳኔዎችን ከነምክንያታቸው አስረዳለሁ» ይመዘናል። ግሦቹ መመደብ፣ ማወዳደር፣ መተርጎም፣ ማስረዳት፣ መከራከር ይሁኑ። ከአራት አይብለጡ። ከእነሱም አንዱ በኮዱ ሥር ካለው የኮርስ መግለጫ ቃል በቃል የተወሰደ ቢሆን ጉባኤው ላይ «ይህ ከኮርሱ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለውን ይዘጋል።

ቀጥሎ የሚረከበው ነገርና ነጥቡ። ለሚያመነታ አማካሪ የሚቀርብ ሚዛን፦ ፕሮፖዛል 15፣ የሥራ ማስታወሻ 15፣ ዋናው ጽሑፍ 45፣ የቃል ገለጻና ጥያቄ 15፣ ራስን የሚገመግም አጭር ጽሑፍ 10። የዋናው ጽሑፍ ርዝመት ለ5 ኢሲቲኤስ ከ4,000 እስከ 5,000 ቃል ቢሆን ልክ ነው። ለትርጉም ፕሮጀክት ወደ 3,000 ቃል የሚሆን ምንጭና 1,500 ቃል ማብራሪያ ይመዝናል። ሲኒየር ኤሴይ ከሆነ ግን ትምህርት ክፍሉ የራሱ ሚዛንና መመሪያ ስለሚኖረው ውሉ በእሱ ላይ ይገነባል፣ አይቃረንም።

ሦስተኛ መርሐ ግብሩ። 1ኛና 2ኛ ሳምንት ፕሮፖዛል፤ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ንባብና ትንሽ ሙከራ፤ ከ6ኛ እስከ 8ኛ መስክ፤ 9ኛና 10ኛ ምደባ፤ ከ11ኛ እስከ 13ኛ ጽሑፍ፤ በ14ኛው ረቂቁ ለአማካሪ፤ በ15ኛው እርማት፤ በ16ኛው ገለጻ። ከዚህ ጋር የአካባቢውን ካላንደር አስተያዩ። በረመዳን የቀን ቃለ መጠይቅ አይያዝም። በሐረር ከሸዋል ስድስት ቀን ጾም ቀጥሎ የሚመጣው የሹዋሊድ በዓል ስለ ቃል ሥነ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ራሱ መረጃ ነው፣ ሌላ ነገር ለሚሠራ ግን ሰው የማይገኝበት ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ድሬዳዋም ሐረርም አልጋና ትራንስፖርት ይወደዳል። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የደንገጎ መንገድ በዚያ ሳምንት ለመመላለስ ያቀደ ተማሪ ሒሳቡ ይዛነፍበታል።

አራተኛው ብዙዎች የሚዘሉት የመጠባበቂያ አንቀጽ ነው፦ «እስከ 6ኛው ሳምንት ፈቃድ ካልተገኘ፣ ጥናቱ በታተሙ ጽሑፎች ላይ ይደረጋል»። አንድ መስመር ናት። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ለአንድ ወር «ነገ ና» ሲል ግን ሴሚስተሩን የምታድነው እሷው ናት።

በቡድን የሚሠራ ከሆነ የማን ክፍል የቱ እንደሆነ በስም ይጻፍ፣ ነጥቡም ለየብቻ ይሰጥ። በግሩፕ አሳይመንት አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን የሚያስገቡበትን ልማድ መምህራን በሚገባ ያውቁታል። ቡድን ሲሉ የሚጠረጥሩትም ለዚህ ነው። ከሦስት ሰው አይብለጥ።

የመተርጎሚያና የጽሑፍ ማረሚያ መሣሪያዎች፣ ቻትጂፒቲን ጨምሮ፣ ለምን እንደሚፈቀዱ እዚሁ ይጻፍ። ለምሳሌ ለፊደል እርማት አዎ፣ ለመጀመሪያ ረቂቅና ለትርጉም አይ። በኋላ ላይ ጥርጣሬ ቢነሳ ክርክሩ በፊርማችሁ ላይ ይሆናል።

ውሉ ሲፈረም ጉባኤው አጽድቆ በቃለ ጉባኤ እንዲይዘው ጠይቁ፤ የቃለ ጉባኤውን ቁጥርና ቀን መዝግባችሁ ያዙ። ከዚያ ምዝገባ። ስሊፑ ላይ ኮዱ መውጣቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ከሬጅስትራር መስኮት አትነሱ። የሴሚስተሩ የክሬዲት ጣሪያ ካለፋችሁ ሲስተሙ ላይቀበለው ይችላል፤ ያን ማወቅ ያለባችሁ የኤድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ) ጊዜ ሳያልፍ ነው።

ደብዳቤና ፈቃድ

የትብብር ደብዳቤው ተቀባዩን በስም የሚጠራ ይሁን። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ለሱቆች ይሠራል፤ ሙዚየም፣ ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ ግን «ለእኛ አልተጻፈም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም፣ የጥናቱ ርዕስና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ሦስት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ሦስት ደብዳቤ በአንድ ጊዜ አሠሩ፤ ሐረማያ ዋናው ግቢ ሆኖ ሐረር ላይ ለሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ማህተም መመለስ ግማሽ ቀን ነው።

ለሚቀዱ ሰዎች ፈቃድ በሚናገሩበት ቋንቋ ይጠየቅ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጽሑፉን አንብባችሁ ፈቃዱን በድምፅ ቅዱት። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የወላጅም የልጁም ፈቃድ ያስፈልጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የወጣው ለዚህ ዓይነት ነገር ጭምር ነው፤ ስምን በኮድ ተክቶ የስሙን ዝርዝር ከቅጂው ለይቶ ማስቀመጥ ትንሹ ግዴታ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም ይባላል፣ እውነትም አይበዛም። ቢሆንም ቅጹ ላይ «እርስዎ» ይጻፍ። ወረቀት እንደ አፍ አይደለም፤ «አንተ» ተብሎ የተጻፈለት ሽማግሌ ቅር ቢለው አይገርምም።

አስጎብኚን የምትቀዱ ከሆነ ቱሪስቱም ቅጂው ውስጥ አለ። ከእሱም ፈቃድ ውሰዱ። የአስጎብኚውንም የተለመደ ዋጋ ክፈሉ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለልምምድ ቁጠሩት፤ ሰው መቅረጫ ሲያይ ለመቅረጫው ነው የሚያወራው።

የከተማ ጽሑፎችን መሰብሰብ

መጀመሪያ የሚወሰነው «አንድ ጽሑፍ» ምን እንደሆነ ነው። አንድ ፋርማሲ ከበሩ በላይ፣ በመስታወቱና በመዝጊያው ላይ ሦስት ቦታ ከጻፈ፣ ሦስት ነው ወይስ አንድ? በፍሬም (እያንዳንዱን ሰሌዳ ለብቻ) ከቆጠራችሁ ትልልቅ ሱቆች መረጃውን ያጥለቀልቁታል። በሱቅ ከቆጠራችሁ ትናንሽ ጽሑፎች ይጠፋሉ። ለባችለር ደረጃ ጥናት አንድ ሱቅ አንድ ዋና ጽሑፍ የሚለው ይቀላል። ደንቡን ጻፉት፣ መሀል ላይ አትለውጡት።

ሁለተኛው ድንበር ነው። ከዚህ ማዕዘን እስከዚያ ማዕዘን፣ የመንገዱ ሁለቱም ወገን፣ ሳይዘለል፣ በእያንዳንዱ ሰፈር 60። የሚያስቁትን ብቻ እየመረጡ ማንሳት ለቴሌግራም ቻናል ይሆናል፣ ለጥናት ግን መረጃውን ያበላሸዋል፤ ከእሱ ተነስታችሁ «ይህን ያህሉ» ማለት አትችሉም።

ፎቶውን ጠዋት አንሱ። ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ምክንያት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ መዝጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ እንጂ መስታወቱ አይታይም። ይህ ራሱ የተለየ መረጃ ስለሆነ የተዘጉ ሱቆችን ከተከፈቱት ጋር አታደባልቁ። በለገሀሬ አካባቢ፣ በፖሊስና በመንግሥት ተቋማት ፊት ካሜራ ከማውጣት በፊት ደብዳቤውን አውጡ። ፎቶዎቹን ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንስና ትንሹ ጽሑፍ አይነበብም።

ሠንጠረዡ በኤክሴል ይሁን፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰፈር፣ የንግድ ዓይነት፣ የሚታዩ ቋንቋዎች፣ ቅደም ተከተላቸው፣ ትልቁ ፊደል የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ የእንግሊዝኛው ሥራ፣ አስተያየት። የፎቶው ፋይል ስም ከተራ ቁጥሩ ጋር አንድ ይሁን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የትኛው ፎቶ የቱ ረድፍ እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

በእነዚህ ከተሞች በጣም የሚያሳስተው ነገር በላቲን ፊደል የተጻፈን ሁሉ እንግሊዝኛ ማለት ነው። ሶማሊኛ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በላቲን ይጻፋል፣ ኦሮምኛ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በቁቤ። «ሆቴል» በኦሮምኛ ሲጻፍ አናባቢው ይደገማል፤ ላላወቀው ሰው የተሳሳተ እንግሊዝኛ ይመስላል፣ ልክ ኦሮምኛ ነው። «ኤክስ» የምንለው ፊደል በኦሮምኛ ጠ፣ በሶማሊኛ ሐ ሆኖ ይነበባል፤ «ሲ» በኦሮምኛ ጨ፣ በሶማሊኛ ዐ። ባቡሩ ይዞት የመጣው ፈረንሳይኛም ገና አልወጣም፤ አንዳንዱ «ስህተት» ተመርምሮ የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድን ቃል ስህተት ከማለታችሁ በፊት ሁለቱን ቋንቋዎች ለሚያነብ ሰው አሳዩ። «ስህተት» የሚለውን አምድ «ከመደበኛው የተለየ አጻጻፍ» ብትሉት ከፈታኝ ጋር ብዙ ክርክር ይቀራል።

ምደባው ካለቀ ከሳምንት በኋላ ከ120ው 24ቱን፣ ማለትም 20 በመቶውን፣ የቀድሞውን መልስ ሳታዩ እንደገና መድቡ። 21ዱ ከተስማሙ 87.5 በመቶ ነው፤ ይህን ጽሑፉ ውስጥ አስገቡት። ከ80 በታች ከወረደ ችግሩ ከመደቦቹ ትርጉም ነው፤ ብዙ ጊዜ «መረጃ» እና «ጌጥ» በሚሉት መካከል። ትርጉሙን አጥብቃችሁ ሁሉንም ድገሙ። አድካሚ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

ድምፅና ተረት

በስልክ መቅዳት ይቻላል። አፕሊኬሽኑን ወደ ዋቭ፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ሞኖ አድርጉ፤ አንድ ሰዓት ወደ 320 ሜጋባይት ይወስዳል። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ መሀል የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ሊያቋርጠው ይችላል። የድሬ ቬንትሌተር ሌላው ጠላት ነው፤ ጆሮ ይለምደዋል፣ ማይክ አይለምደውም። በዕለቱ ማታ አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ።

ለመገልበጥ ኢላን፣ ለድምፅ ትንተና ፕራት፣ ቃላትን ለመፈለግ አንትኮንክ የተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ለአንትኮንክ የሚሻለው በዩኒኮድ የተቀመጠ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት የድሮ ፎንት የተተየበ አማርኛ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር።

ተረት ስትተረጉሙ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ይቅረብ፦ የተነገረው እንዳለ፣ ቃል በቃል ትርጉም፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የሚፈስ ትርጉም። ነጥቡ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባደረጋችሁት ውሳኔ ላይ ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» የሚለውን ምን አደረጋችሁት? በግርጌ ማስታወሻ አስረዳችሁ፣ በእንግሊዝኛ መክፈቻ ተካችሁ ወይስ እንዳለ ተዋችሁት? የትኛውም ይቻላል፤ ሳያስረዱ ማለፍ ግን አይቻልም።

መስክ መውጣት የማያስፈልገው ሥራ

ሐረር ብዙ የተጻፈላት ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 (እ.ኤ.አ.) ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል፤ የጉዞ መጽሐፉ «ፈርስት ፉትስቴፕስ ኢን ኢስት አፍሪካ» በ1856 ታትሟል፣ በፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይም በነፃ ይገኛል። የባለመብትነት ጊዜው አልፏል፤ በአዋጅ 410/1996 ጥበቃው የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። የሐረርን ክፍል ብቻ ለይታችሁ ስለ ከተማውና ስለ ሰዎቹ የገቡትን ቅጽሎች በአንትኮንክ አውጥታችሁ መከራከር ለ135 ሰዓት የሚበቃ ሥራ ነው። የመስመር ላይ ቅጂው የገጽ ቁጥር ከሌለው በምዕራፍ ጥቀሱ።

የሥራ ማስታወሻ

በየቀኑ አራት መስመር፦ ቀን፣ የፈጀው ሰዓት፣ የተሠራው፣ የተወሰነው። «ኅዳር 12፤ 3 ሰዓት፤ መጋላ ከ31 እስከ 47፤ መዝጊያ ላይ ያለ ጽሑፍ እንዳይቆጠር ተወሰነ፣ ምክንያቱም ግማሾቹ የቀድሞ ተከራይ ናቸው።» ይህ ማስታወሻ ሰዓቱን ያረጋግጣል፣ የዘዴውን ምዕራፍ ግማሹን ይጽፍላችኋል፣ «ሌላ ሰው ሠራልህ» ለሚል ጥርጣሬም ምስክር ነው። በመጨረሻው ሳምንት በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ የ16 ሳምንት ማስታወሻ ግን ባይኖር ይሻል ነበር።

ከአማካሪ ጋር በሁለት ሳምንት አንዴ 40 ደቂቃ ይበቃል። ስትወጡ የተወሰነውን በሦስት መስመር ጽፋችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩለት። መምህሩ በ5ኛው ሳምንት «ጥሩ ነው» ያለውን በ14ኛው «ማን አለ?» ሊል ይችላል፤ ስምንት ተማሪ የያዘ ሰው ነው።

ጽሑፉን ሲጽፉ

የሥነ ልሳን ሥራ በኤፒኤ፣ የሥነ ጽሑፍ በኤምኤልኤ ይጠቀሳል፤ ትምህርት ክፍሉ ሌላ ካላለ በቀር። የኢትዮጵያውያን ስም ላይ ሶፍትዌር ሁሉ ይሳሳታል። የምንጭ ማደራጃው ዞተሮ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይገለብጠዋል፤ ያ የአባት ስም ስለሆነ ደራሲውን በአባቱ ትጠሩታላችሁ። መጠሪያ ስሙ ቀድሞ በሙሉ እንዲገባ በእጅ አስተካክሉ፣ በጽሑፉም ውስጥ እንዲሁ። በዓመተ ምሕረት የታተመን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትለውጡ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት አስተውሉ፤ ወሩ ካልታወቀ ዓ.ም. እንዳለ ይቀመጥና ምልክት ይደረግበት። የአማርኛ ቃል በላቲን ስትጽፉ አንድ ሥርዓት መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ያዙ።

አንዱን ጽሑፍ ለሁለት ኮርስ ማስገባት የራስን ሥራ መስረቅ ተብሎ ይያዛል። መረጃው አንድ ቢሆንም ጥያቄው ይለይ፣ ሁለቱም መምህራን ይወቁ።

ገለጻ፣ ግሬድ፣ ወረቀት

ገለጻው 15 ደቂቃ ከሆነ ስላይዱ ከአሥር አይብለጥ። ከእነሱ አንዱ የአንድ ፎቶ ወይም የአንድ ዓረፍተ ነገር ትንተና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳይ። ፈታኞች ከጠቅላላ ቁጥር ይልቅ በእሱ ላይ ይጠይቃሉ፣ እናንተም የምታውቁት እሱን ነው። «ለምን 120?» የሚለው መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱ የሰዓት ድልድሉ ላይ አለ። መብራት ከጠፋ የምታድሉት አንድ ገጽ ታትሞ በቦርሳ ይኑር።

ግሬድ ሲወጣ ከኮርሱ ስም ፊት ኤንጂ (ግሬድ አልገባም) ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ነጥቡ ከአማካሪው አልተላከም ማለት ነው። ወዲያውኑ ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ። ነጥቡ ራሱ ካላረካችሁ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ የሴኔት ሕጉ ላይ ቀኑን አይታችሁ ከውሉ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ። በውሉ ላይ የተጻፈ ሚዛን ያለው ቅሬታና የሌለው እኩል አይታይም።

ትራንስክሪፕት ላይ የሚወጣው የኮርሱ ስም እንጂ የፕሮጀክቱ ርዕስ አይደለም። ለማስተርስ ወይም ለውጭ ስኮላርሺፕ የምታመለክቱ ከሆነ ርዕሱን፣ የኢሲቲኤሱን መጠን፣ የሥራውን ሰዓትና የአማካሪውን ስም የያዘ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ሳትመረቁ አሠሩ። ከተመረቁ በኋላ ለዚያች አንድ ደብዳቤ ከሌላ ክልል መመላለስ አለ፣ አማካሪውም ያኔ በቢሮው ላይገኝ ይችላል።